የእማዬ ኤሲ በእኔ ስልክ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኤሲ ነው። «ዶክተር፣ ከመቼ ወዲህ ነው ኤሌክትሪሺያን የሆንከው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ «እኛ በብርድ ልብስ ነው የምናድረው፣ ኤሲ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ግን እናትና አባታችሁ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ፣ ጎዴ ወይም መተማ ካሉ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ ዱባይ፣ ሪያድ፣ ፊኒክስ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ የጀመረው በራሴ ቤት ነው።

ያለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ከሥራ ወጥቼ እንደ ልማዴ ድሬዳዋ ወደ እናቴ ደወልኩ። እማዬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሳቢያን፣ አባታችን በሠራው ቤት ውስጥ ትኖራለች። ጠዋት መጥታ የምታግዛት ልጅ አለች፤ ከምሳ በኋላ ትሄዳለች። እማዬ ስልኩን አነሳችና «ማነው?» አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ በሟቹ አጎቴ ስም ጠራችኝ። ቀጥላም «ባቡሩ ገባ እንዴ?» አለችኝ። አጎቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ካረፈ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።

ሐኪም ሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ አእምሯችሁ መጥፎ መጥፎውን ይቆጥራል። ስትሮክ ይሆን? ስኳሯ ወርዶ ይሆን? ኢንፌክሽን? እኔ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቄ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ። ወዲያው ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ። ሮጣ ገባችና «ዶክተር፣ ቤቱ እኮ እንደ ምጣድ ግሏል!» አለችኝ። መስኮቱ ተዘግቷል። ኤሲው ጠፍቷል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል።

ሆስፒታል ተወሰደች። ስትሮክ አልነበረም። ሙቀቷ 38.6 ዲግሪ፣ የደም ግፊቷ 90 በ60፣ ሶዲየሟ ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለግፊቷ የምትወስደው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት አለ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው። በዚያ ላይ ለቀናት በሙቀት ላብ ወጥቷታል፤ የምግብ ፍላጎቷም ጠፍቶ ነበር። ሁለት ሌሊት ተኝታ፣ ጨውና ፈሳሿ በጥንቃቄ ተስተካክሎላት፣ መድኃኒቷም ተቀይሮላት ወጣች። እግዚአብሔር ይመስገን።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ይህ ነው። እማዬ ኤሲ ነበራት! ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት መኝታ ቤቷ ውስጥ አስገጥሞላታል። ግን አጥፍታው ነበር። ለምን? ሦስት ምክንያት ነገረችኝ። አንደኛ «ቆጣሪውን ይበላዋል»። ሁለተኛ «ብርድ ይመታኛል»። ሦስተኛውን ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፦ «ሪሞቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አይታየኝም። አንዴ ነካክቼ ሙቅ አየር ለቀቀብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ፈራሁት።»

ልብ በሉ፣ መሣሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። የጎደለው የሚያዝዘው ሰው ነው።

ሙቀት አረጋውያንን ለምን ይጎዳል?

ሰውነታችን ሙቀት የሚያስወጣበት ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንዱ ደም ወደ ቆዳ ሄዶ ሙቀቱን እንዲያራግፍ ማድረግ ነው፤ ሌላው ላብ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱም ይደክማሉ። ላብ ይቀንሳል። ልብም ወደ ቆዳ ብዙ ደም ለመግፋት አቅም ያንሰዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የውኃ ጥም ስሜት ይደበዝዛል። ሰውነቷ ውኃ አጥሮት እያለ «ኧረ አልጠማኝም» የምትለው እናታችሁ እየዋሸቻችሁ አይደለም፤ በእውነት አልጠማትም።

በዚህ ላይ መድኃኒት ይጨመራል። ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ውኃና ጨው ያስወጣሉ። አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ልብ ለሙቀት የሚሰጠውን ምላሽ ይይዙታል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት ላብን ይቀንሳሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም የሰውነትን የሙቀት መቆጣጠሪያ ያዛባሉ። አደራ፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ! የሙቀቱ ወር ከመግባቱ በፊት ግን ሐኪማችሁን «ይህ መድኃኒት ከሙቀት ጋር እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በሙቀት ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ቀን ከ32 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ24 ዲግሪ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በተለይ ሕፃናት፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ባሉበት ቤት። ሌሊቱ ለምን ጥብቅ ሆነ? ሰውነት ቀን የተሸከመውን ሙቀት የሚያራግፈው ሌሊት ስለሆነ ነው። ሌሊቱም ከሞቀ ጫናው ለነገ ይተላለፋል።

«ሙቀት እኮ የለመድነው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በ2021 በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር በአንድ የሙቀት ማዕበል 619 ሰዎች ሞቱ። እውነት ነው፣ እነሱ ሙቀት አልለመዱም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፦ 98 ከመቶዎቹ የሞቱት ቤት ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ቤት ውስጥ! አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ብቻቸውን የሚኖሩ። የእማዬን አልጋ ጫፍ አስቡት።

ታዲያ ምን ገዛሁ?

መጀመሪያ የተሳሳተውን ነው የገዛነው። እህቴ ቨርጂኒያ ነች። ነገሩን ስትሰማ ስማርት ቴርሞስታት ገዝታ በሰው ላከች። የሚያምር ክብ ዕቃ ነው። ግን አልሠራም። የአሜሪካ ቤቶች ለሙሉ ቤት የሚሆን ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ አላቸው፤ እንዲህ ያለው ቴርሞስታት በ24 ቮልት ቀጭን ሽቦ ከዚያ ጋር የሚያያዝ ነው። እኛ አገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት ኤሲ የሚታዘዘው በሪሞት ነው። ውጭ ያላችሁ፣ ስጦታ ከመላካችሁ በፊት የኤሲውን ፎቶ አስልካችሁ እዩ።

ሁለተኛው ስህተት ሊሆን የነበረው ስማርት ፕለግ ነው፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ኤሌክትሪክ በስልክ የሚያጠፋና የሚያበራ። ለመብራትና ለራዲዮ ጥሩ ነው። ለኤሲ ግን አልመክርም። አንደኛ፣ የኤሲ ኮምፕረሰር ሲነሳ ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ለዚያ ያልተሠራ ፕለግ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ብዙ ኤሲዎች ኤሌክትሪክ ስለመጣላቸው ብቻ አይነሱም፤ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። በነገራችን ላይ ኤሲ በዲቫይደር አይሰካም። የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

የሚሠራው ሦስተኛው ነው። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ሣጥን፣ የኢንፍራሬድ መቆጣጠሪያ ይሉታል። የኤሲያችሁ ሪሞት ለዓይን በማይታይ ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ፣ ነው ትእዛዝ የሚልከው። ሣጥኑም ያንኑ ብርሃን ይልካል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልኬን ስነካ ትእዛዙ በኢንተርኔት ድሬዳዋ ይደርሳል፣ በቤቱ ዋይፋይ ሣጥኑ ጋ ይገባል፣ ሣጥኑ ደግሞ ለኤሲው ያበራለታል። ኤሲው ሪሞት የተነካ ይመስለዋል። ሣጥኑ ብዙውን ጊዜ በስልክ ቻርጀር ስለሚሠራ የቮልቴጅ ጣጣ የለውም። አዳዲስ ኤሲዎች ደግሞ ዋይፋዩ ከውስጥ የተሠራላቸው አሉ፤ እነዚህ ሣጥን አያስፈልጋቸውም።

ስትገጥሙ ሁለት ነገር አትርሱ። ኢንፍራሬድ ግድግዳ አያልፍም፤ ሣጥኑ ኤሲው ባለበት ክፍል፣ ፊት ለፊቱ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ሣጥኖች የሚገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ስትሞክሩ ትውላላችሁ፤ እኔ ግማሽ ቀኔን በዚሁ ጨርሻለሁ።

ጋቢው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዕቃውን ድሬዳዋ ሄጄ ገጠምኩ። አልጋዋ አጠገብም ለብቻው የሚሠራ ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ፤ እሱም ቁጥሩን ወደ ስልኬ ይልካል። ከዚያ አዲስ አበባ ተመለስኩ። እንግዲህ የእማዬን ክፍል ከቢሮዬ ሆኜ አያለሁ ማለት ነው። ኩራቴ አይነገርም። ክፍሉ 29 ሲደርስ አበራለሁ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነቅቼ አስተካክላለሁ። በሽተኛ እያየሁ መሀል ላይ ሁሉ ስልኬን እሰርቃለሁ።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አፑን ከፈትኩ። «በርቷል፣ 25 ዲግሪ» ይላል። ቴርሞሜትሩን አየሁ፦ 33። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። አፑ «በርቷል»፣ ቴርሞሜትሩ 33። አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። ኤሲው ተበላሸ ብዬ ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ። ገብታ አየችና ሳቋን መያዝ አቃታት። «ዶክተር፣ ሣጥኑ እኮ ጋቢ ለብሷል!»

እማዬ ጋቢዋን በአራት አጥፋ ከላዩ ላይ ጭናበታለች። ኢንፍራሬዱ የት ይለፍ?

ደወልኩላት። ተቆጥቼ ነበር፣ አልዋሽም። «እማዬ፣ ይኼን ያደረግኩት ላንቺ ብዬ አይደል?» አልኳት። ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ልጄ፣ ሌሊት ተኝቼ እኔ ሳልነካው ጢጥ ብሎ ይበራል። ተነስቼ አማትባለሁ። ትንሽ ቆይቶ ጢጥ ብሎ ይጠፋል። ሰይጣን ነው ወይስ ልጄ ነው እያልኩ አድራለሁ። ሰው እናቱ ቤት ሲገባ ያንኳኳል። አንተ አንኳኩተህ ታውቃለህ?»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ሁለት ነገር ተማርኩ። አንዱ ስለ መሣሪያው ነው። ኢንፍራሬድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ኤሲው «ትእዛዙ ደርሶኛል» ብሎ አይመልስም። አፑ «በርቷል» ሲል «አብራ ብዬዋለሁ» ማለቱ ነው እንጂ አይቶ አይደለም። እኛ ሐኪሞች ይህን ማወቅ ነበረብን። የግፊት መድኃኒት ስላዘዝን ግፊቱ ወረደ አንልም፤ እንለካለን እንጂ። ስለዚህ ለብቻው የሚሠራ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አፑ የሚላችሁን አትመኑ።

ሁለተኛው ስለ እማዬ ነው። በሽተኛ ሳክም ሳላስፈቅድ መርፌ አልወጋም። እናቴን ግን ሳላስፈቅድ ሌሊት ክፍሏን ስቀይርባት ነበር። ይህ እንግዲህ በፍቅር ነው። ያለ ፍቅር ሲሆን ደግሞ አስቡት። በውጭ አገር አንዳንድ ሰው የትዳር ጓደኛውን ለማስጨነቅ በስልኩ ቤቱን እያጋለ፣ እያቀዘቀዘ፣ መብራቱን እያጠፋ ያሰቃየበት አጋጣሚ አለ። የሰው ቤት ሙቀት በእጃችሁ ሲሆን ሥልጣን ይዛችኋል።

ያደረግነው ስምምነት

በሚቀጥለው ሳምንት ድሬዳዋ ወረድኩ። ቡና ተፈላ። ጎረቤታችንም መጣች። እንደ ሽምግልና ተቀምጠን ተነጋገርን። የተስማማነውን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ፣ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

1. ሪሞቱ የእማዬ ነው። ሦስት ቁልፍ ብቻ ቀለም ባለው ፕላስተር ለይተንላታል፦ ማብሪያና ማጥፊያ፣ መጨመሪያ፣ መቀነሻ። በሪሞት ያደረገችውን እኔ በስልክ አልሽርም።

2. ክፍሉ 30 ካለፈ ስልኬ ይጮኻል። ያኔ መጀመሪያ እደውላለሁ። ካነሳች ራሷ ታበራለች። ሁለት ጊዜ ደውዬ ካላነሳች አበራለሁ፤ ጎረቤታችን ጋም እደውላለሁ።

3. ሌሊት ከመተኛቷ በፊት ራሷ የምታውቀው ፕሮግራም አለ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይበራል፤ ክፍሉ 24 ሲደርስ ይጠፋል፣ 26 ሲሆን ይነሳል። ጢጥ የሚለውን ድምፅ ከሪሞቱ ላይ ማጥፋት ይቻል ኖሯል፤ አጠፋነው።

4. ካሜራ የለም። ወንድሜ «ካሜራ እናድርግላት» ብሎ ነበር። እማዬ «ስለብስ ልታዩኝ ነው?» አለች፤ ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ለሥራችን ቴርሞሜትሩ በቂ ነው።

5. ካልፈለገችው ጋቢውን ማልበስ መብቷ ነው። ግን ስታለብሰው ትነግረኛለች።

የመጨረሻውን ራሷ ናት ያስጨመረችው።

ኤሲው ስንት ላይ ይሁን?

ብዙ ሰው ውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ከልምድም ከሳይንስም ተነስቼ ልመልስ።

ቀን ከ25 እስከ 27 ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ኤሲውን 27 ላይ አድርጋችሁ ቬንቲሌተር ብታበሩ ክፍሉ በ4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ያህል ይሰማችኋል፣ ለማቀዝቀዣ የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ወጪም እስከ 70 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል። እማዬ ቆጣሪውን የምትፈራው እኮ ወድዳ አይደለም። እኛ አገር ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ስለዚህ ቬንቲሌተርና ኤሲ ጠላቶች አይደሉም፣ አብረው ይሥሩ።

ቬንቲሌተር ብቻውንስ? አየሩ ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ወደ 35 ዲግሪ፣ ሲጠጋ ማቀዝቀዙን እየተወ ይሄዳል። ላብ የሚያጥራቸው አረጋውያን ላይ ደግሞ ጥቅሙ ከዚያም ቀድሞ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ ቆዳን በውኃ ማርጠብና ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መሄድ ያስፈልጋል።

16 ላይ ማድረግ ቶሎ ያቀዘቅዛል ወይ? ኢንቨርተር ባልሆነ ተራ ኤሲ፣ አያቀዘቅዝም። ኮምፕረሰሩ ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል። 16 ስትሉት ቶሎ አይደለም የሚያቀዘቅዘው፣ ዘግይቶ ነው የሚቆመው። እናንተ በረዶ ሆናችሁ ብርድ ልብስ ትፈልጋላችሁ፣ ቆጣሪው ይሮጣል።

በስልክ ፕሮግራም ስታደርጉ በሚነሳበትና በሚጠፋበት መካከል ሁለት ዲግሪ ያህል ክፍተት ተዉ። «26 ሲሆን አብራ፣ 25.5 ሲሆን አጥፋ» ካላችሁት በየደቂቃው ሲነሳ ሲወድቅ ኮምፕረሰሩን ትጨርሱታላችሁ።

«ኤሲ የሳንባ ምች ያመጣል» የሚባለውስ? የሳንባ ምችን የሚያመጣው ባክቴሪያና ቫይረስ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር በራሱ አያመጣውም። ግን የእማዬ ፍርሃት ባዶ አይደለም። በቀጥታ ደረትና አንገት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር ጡንቻን ያስራል፣ ጉሮሮን ያደርቃል፣ አስም ያለበትን ሰው ሊያስነሳበት ይችላል። የአየሩን አቅጣጫ ወደ ላይ አድርጉት፣ አልጋውን ከፊቱ አንሱ። ፊልትሮውን በሙቀቱ ወራት በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ እጠቡ፣ አድርቃችሁ መልሱ። የአቧራ አገር ነው ያለነው፤ የታፈነ ፊልትሮ አቧራና ሻጋታ ይነፋል፣ ኤሌክትሪክም ያባክናል።

በአረብ አገራት ያላችሁ እህቶቼ፣ ውጭ ከ40 በላይ ሆኖ ቤት ውስጥ 18 ከሆነ ወጣ ገባ ስትሉ ሰውነታችሁ ይደክማል፤ የምታስተካክሉት እናንተ ከሆናችሁ 24 እና 25 ላይ አድርጉት። ኤሲው የሚታዘዘው በአሠሪዎቻችሁ ስልክ ከሆነና የምትተኙበት ክፍል ሌሊት የሚግል ከሆነ ደግሞ አትሸማቀቁ፣ ተናገሩ። ቀዝቀዝ ያለ መኝታ ቅንጦት አይደለም።

ኢንሱሊን የምትጠቀሙ፣ የክፍሉ ቴርሞሜትር ሌላም ጥቅም አለው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የራሳችሁን መድኃኒት ወረቀት እዩ። ክፍላችሁ በየቀኑ 33 የሚገባ ከሆነ ኢንሱሊኑ ኃይሉን እያጣ ነውና፣ ስኳራችሁ ያለ ምክንያት ሲወጣ ይህንንም አስቡ።

መብራት ሲጠፋስ?

እውነቱን እንነጋገር። መብራት ሲጠፋ ኤሲውም፣ ራውተሩም፣ ሣጥኑም አብረው ይሞታሉ። ስልኬ ላይ «ከመስመር ውጭ» የሚል ይመጣል። ስማርት የተባለው ሁሉ ያን ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፕላስቲክ ነው። መብራት ሲመለስም አንዳንድ ኤሲ ራሱ ይነሳል፣ አንዳንዱ አይነሳም፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ብሬከሩን አጥፍታችሁ አብርታችሁ ቀድማችሁ ሞክሩት። ሲመለስ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መወዛወዝም ኮምፕረሰር ይገድላልና ስታቢላይዘር አይርሳችሁ። ለራውተሩ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መጠባበቂያ ካገኛችሁ ቢያንስ ቴርሞሜትሩን ማንበብ ትችሉ ይሆናል።

ስለዚህ የመጨረሻው መጠባበቂያ ሰው ነው። እኔ «ከመስመር ውጭ» የሚለውን ሳይ መጀመሪያ የምነካው አፑን አይደለም፤ ለጎረቤታችን ነው የምደውለው። መስኮት በጠዋቱ ቅዝቃዜ ይከፈት፣ ፀሐይ ሲወጣ ይዘጋ፣ መጋረጃ ይውረድ። እርጥብ ፎጣ አንገትና ክንድ ላይ። እግር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ። ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ሳይጠማም ጭምር፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ።

አንድ ነገር በደኅንነት በኩል፦ የአፑና የራውተሩ የይለፍ ቃል ጠንካራ ይሁን፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለው ክፈቱት። የእናታችሁን ቤት የሚያዝዝ አካውንት ለዘመድ ሁሉ አይታደልም።

እነዚህን ካያችሁ ኤሲ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው

መዳከም፣ ራስ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር ካለ ሰውየውን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዱ፣ ልብሱን አላሉ፣ ቆዳውን አርጥቡ፣ ንቁ ከሆነ ውኃ ወይም ኦአርኤስ ስጡት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

ንግግሩ ከተዛባ፣ ሰው መለየት ካቃተው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ሰውነቱ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከጋለ ግን ሂት ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ደቂቃ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እስኪመጣ ድረስ በውኃ አርጥባችሁ በኃይል አራግቡለት፤ ብብቱና አንገቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ፓራሲታሞል ለዚህ አይሠራም።

እማዬ ያን ቀን በአጎቴ ስም ስትጠራኝ ኤሲው ከራስጌዋ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለወላጆቻችሁ ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብቻ አትበሉ። «ደህና ነን» ይሏችኋል፣ እናውቃቸዋለን። ይልቅ «ክፍሉ አሁን ስንት ዲግሪ ነው? ዛሬ ስንት ብርጭቆ ውኃ ጠጣችሁ? ኤሲው ለምን ጠፋ?» በሉ። ምክንያታቸውንም እስከ መጨረሻው ስሟቸው። ሪሞቱ አይታያቸው ይሆናል እኮ።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ጋ ደውዬ ስለ እሷ ልጽፍ መሆኑን ነገርኳት። ፈቀደች። «የጋቢውንም ጻፍ» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «የዛሬው ሙቀት ስንት ነው ይላል ያንተ ስልክ?» ብላ ጠየቀችኝ። 28 አልኳት። «የኔም 28 ነው የሚለው» አለች፣ አልጋዋ አጠገብ ያለውን እያነበበች። ከዚያ ጢጥ የሚል ነገር ሰማሁ። ድምፁን መልሳ አስከፍታዋለች ለካ። «አሁን የማበራው እኔ ስለሆንኩ ይጮኽ» አለችኝ።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ።